ባዶ የመሰለው ሳልባትዮ፦ የአሮጌ መኪና የቤንዚን ማጠራቀሚያ እንዴት ይጸዳል? እንዴትስ ይታሸጋል?

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ አንድ አሮጌ ቮልስዋገን እናስብ። ወረታ በፎገራ ሜዳ ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ታቦር ደግሞ በጉና ተራራ አቅራቢያ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ አጭር ጉዞ መኪናው ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ጥቂት ሄዶም ይጠፋል። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ሲመረምር ዐሥር ደቂቃ ያልፋል። ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል፤ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ግን ያው ችግር ይደገማል። ጋራዥ ገብቶ ካርቡራቶሩ ይታጠባል፣ ካንዴላው ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፑ ይፈተሻል። ሳምንት ሳይሞላው መኪናው ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ሕመም ምንጭ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን ሳልባትዮው ነው። በሳልባትዮው ወለል ላይ የተጠራቀመው የዝገት ቅርፊት፣ ፓምፑ ቤንዚን ሲስብ አብሮ ተስቦ በመውጫው አፍ ላይ ይለጠፋል። በሜዳ ላይ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ አነስተኛ ስለሆነ በጠበበው ቀዳዳ የሚያልፈው ይበቃዋል፤ በዳገት ግን ፍላጎቱ ሲጨምር ያጥረዋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፤ ቅርፊቱም ከአፉ ተላቆ ወደ ወለሉ ይመለሳል። መኪናው "ዐርፎ" የተነሣ የመሰለው ለዚህ ነው። ካርቡራቶሩን መቶ ጊዜ ማጠብ ዝገቱን ከምንጩ አያደርቀውም።

በአገራችን መኪና የሚጣለው ዘግይቶ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለው የቤንዚን መኪና ለብዙ ዓመታት እየተጠገነ መቆየቱ አይቀርም። ሳልባትዮው ሲዝግም ማጽዳትና ከውስጥ ማሸግ የሚጠበቅ ሥራ ይሆናል። ይህ ሥራ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ድካሙ ከንቱ ከመሆኑም በላይ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን በቦታው እንደሚገባ ከኬሚስትሪና ከፊዚክስ አንጻር ማስረዳት ነው።

ሳልባትዮ ከውስጥ ለምን ይዝጋል?

ቤንዚን ብረት አያዝግም። የሚያዝገው ውሃና ኦክሲጅን ሲጣመሩ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት ይመጣል? ከፊሉ ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ከዝናብ ይገባል፤ ከፊሉ በበርሜልና በጀሪካን ከሚገዛ ቤንዚን ጋር ይመጣል፤ ከፊሉ ግን ሳልባትዮው ራሱ "ተንፍሶ" የሚያስገባው ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። የቮልስዋገኑ ሳልባትዮ 40 ሊትር ይይዛል። ግማሹ ቤንዚን፣ ግማሹ አየር ቢሆን 20 ሊትር አየር አለው ማለት ነው። በደጋ አገር ቀንና ሌሊት መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ሰፊ ነው፤ ፀሐይ ላይ ለቆመ መኪና 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው ብለን እንውሰድ። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ 20 ሊትሩ አየር በሌሊት አንድ ሊትር ያህል ይቀንሳል፤ በምትኩም አንድ ሊትር የውጭ አየር ይገባል። ያ አየር በእርጥበት የጠገበ ከሆነ የአንድ ግራም መቶኛ ያህል ውሃ ይዞ ይገባል። ይህ ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው። በዓመት ግን ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ሊጠጋ ይችላል። የቤንዚኑ ትነት በሌሊት ወደ ፈሳሽነት ስለሚመለስ ተጨማሪ አየር ይስባል፤ ይህም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ዐሥር ዓመት በግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ምን ያህል ውሃ ሊያከማች እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ወርዶ በጠብታ በጠብታ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ጠብታ ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። በጠብታው መካከል ያለው ብረት ኤሌክትሮኖቹን እየለቀቀ ወደ ውሃው ይሟሟል፤ ኤሌክትሮኖቹ በብረቱ ውስጥ አልፈው ወደ ጠብታው ጠርዝ ይሄዳሉ፤ በዚያም ከኦክሲጅንና ከውሃ ጋር ይዋሐዳሉ። ሁለቱ ውጤቶች ሲገናኙ ዝገት ይፈጠራል። ይህን በጠብታ ላይ ባደረገው ሙከራ በግልጽ ያሳየው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የዝገት ሳይንስ ሊቅ ዩሊክ ኢቫንስ ነው። ልብ ልንለው የሚገባው፣ ብረቱ የሚበላው ዝገቱ በሚታይበት ጠርዝ ሳይሆን በጠብታው መካከል መሆኑ ነው። ሳልባትዮ ከላይ ጤነኛ መስሎ ከታች በመርፌ የተወጋ ያህል የሚያፈሰው ለዚህ ነው። ቤንዚኑ ከላይ ቢሸፍነውም ጠብታው ኦክሲጅን አያጣም፤ ኦክሲጅን በቤንዚን ውስጥ የሚሟሟው በውሃ ውስጥ ከሚሟሟው በእጅጉ ይበልጣልና።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን ከራሱ ታሪክ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል። በአቅራቢያው ባለችው ጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራውና በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የወጣው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም በዚያው ይገኛል። መድፉ ነሐስ ነው፤ ነሐስ በላዩ የሚፈጠረው ስስ ቅርፊት የታችኛውን ብረት ይጠብቅለታል። የተራ ብረት ዝገት ግን ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፤ አዲስ ብረትም ለውሃው ያጋልጣል። የሳልባትዮ ላሜራ ውፍረት ደግሞ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ብዙዎቹ አሮጌ ሳልባትዮዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ስታኞ በሚመስል የእርሳስና የቲን ቅልቅል ተቀብተው ነበር፤ ይህ ቅብ ከተፋቀ ወይም ካለቀ በኋላ ላሜራው ራቁቱን ይቀራል።

ባዶው ከሙሉው ለምን ይከፋል?

ብዙ ሰው ቤንዚን የሞላ ሳልባትዮ አጠገብ እሳት ማቅረብ ይፈራል፤ ባዶውን ግን ያለ ስጋት ወደ በያጅ ይወስደዋል። ሳይንሱ የሚለው ተቃራኒውን ነው።

የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው ትነቱ ነው። ይህ ቅልቅል የሚቀጣጠለው ትነቱ ከ1.4 በመቶ ሳያንስ፣ ከ7.6 በመቶም ሳይበልጥ ሲቀር ነው። ከዚህ ካነሰ የሚቃጠል ነገር አይበቃም፤ ከዚህ ከበለጠ ደግሞ ኦክሲጅን ያጥራል። ቤንዚን ባለበት ዝግ ሳልባትዮ ውስጥ ያለው ትነት ከላይኛው ወሰን እጅግ የበለጠ ስለሆነ በውስጡ ለመፈንዳት አይመችም፤ አደጋው በክዳኑ አካባቢ ከአየር ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ሳልባትዮው ሲገለበጥና "ባዶ" ሲሆን ግን አየር ይገባል፤ ትነቱ እየሳሳ ይሄድና ከሁለቱ ወሰኖች መካከል ይገባል። አሁን ሳልባትዮው እንደ ቦምብ ነው።

ለዚህ ምን ያህል ቤንዚን ያስፈልጋል? በደብረ ታቦር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ግፊት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ቢተን አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ትነት ይወጣዋል። በ40 ሊትር ሳልባትዮ ውስጥ ይህ 3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከሁለቱ ወሰኖች መካከል በሚገባ ያርፋል። በቆላ ያው አንድ ማንኪያ የሚይዘው ድርሻ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ትነቱ ብዙ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ ሳልባትዮን ለማበላሸት በዓመት አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ሰውን ለመግደል ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ይበቃል ማለት ነው። አንድ ማንኪያ ቤንዚን በዝገት ቅርፊት ሥርና በላሜራው መጋጠሚያ ውስጥ ተሸሽጎ መቅረቱ ምንም አያስገርምም። በዓይን አይታይም፤ የበያጁ ነበልባል ሲያሞቀው ግን ይተናል።

"ቤንዚን አይሸትም" ማለት ማረጋገጫ አይሆንም። አፍንጫ ትነቱን ለረጅም ጊዜ ሲያሸት ይለምደዋል። ዓመታት የቆየ ቤንዚን ደግሞ ቀላሉ ክፍል በኖ ስላለቀ ሽታው እንደ አሮጌ ቀለም ይሆናል፤ በወለሉ ላይ የቀረው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ግን ሲሞቅ ተቀጣጣይ ጋዝ ይለቃል።

ማውጣት፣ መገልበጥ፣ ማጠብ

ሥራው የሚጀምረው የባትሪውን ገመድ በመፍታት ነው። ቮልስዋገን ላይ ሳልባትዮው የሚገኘው ከፊት ክዳን ሥር ስለሆነ፣ የሚያፈስ ከሆነ ትነቱ በተሳፋሪው እግር አካባቢ ይከማቻል፤ ስለዚህ በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቤንዚኑ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀዳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይፈስሳል። በግቢው ታችኛ ጥግ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ካለ፣ ዐሥር እርምጃ መራቁ በቂ አይደለም፤ እሳቱ መጥፋት አለበት።

ፈሳሽ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይፈጠራል፤ ብልጭታውም ትነቱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ቤንዚኑ ወደ ብረት ዕቃ ቢቀዳ፣ ሳልባትዮውና ዕቃውም በሽቦ ቢገናኙ ይመረጣል። ከዚያ የነዳጅ መጠን ጠቋሚው፣ የመውጫው ቧንቧና ክዳኑ ይፈታሉ።

የመጀመሪያው እጥበት በሙቅ ውሃና በልብስ ሳሙና ዱቄት ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ውሃን፣ ሌላኛው ጫፍ ቅባትን ስለሚወድ የቤንዚኑን ቅሪት ከብረቱ ነጥሎ በውሃው ውስጥ ይበትነዋል። ውሃው እስከ አፉ ተሞልቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ይደፋል። ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። እስከ አፉ የመሞላቱ ምክንያት ጽዳት ብቻ አይደለም፤ ውሃው ትነቱን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሙጫው ካልለቀቀ በአሴቶን ወይም በአልኮል ማራስ ይረዳል፤ እነርሱም ተቀጣጣይ ስለሆኑ እጥበቱ እንደገና በውሃ መደምደም አለበት። "ቤንዚንን በቤንዚን ማጠብ" የሚለው ልማድ አደጋውን መልሶ የሚያስገባ ስለሆነ መወገድ ይኖርበታል።

ዝገቱን ማስለቀቅ

የረገፈውን ቅርፊት ለማውጣት አንድ እፍኝ ዳዶ ወይም አጭር ሰንሰለት ከሳሙና ውሃ ጋር አስገብቶ ሳልባትዮውን በየአቅጣጫው መወዝወዝ ይቻላል። ውሃ ሳይኖር ብረት ከብረት ጋር ማጋጨት ብልጭታ ስለሚፈጥር አይፈቀድም። የገቡትን ዳዶዎች አስቀድሞ መቁጠርም ብልህነት ነው፤ አንዱ ውስጥ ከቀረ ሌላ ችግር ይሆናል።

ለተጣበቀው ዝገት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አሲድ ነው። አንዳንዶች በቅርብ ያገኙትን የባትሪ አሲድ ወይም ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠውን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያፈሳሉ። እነዚህ ዝገቱን ፈጥነው ያነሣሉ፤ ነገር ግን ጤነኛውን ላሜራም ይበላሉ፣ ተቀጣጣይ የሆነውን የሃይድሮጅን ጋዝም ያወጣሉ። የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅሪት ደግሞ በክሎራይድነቱ ዝገትን መልሶ የሚጠራ ነው። ከእነርሱ ይልቅ ለስለስ ያሉት ይመረጣሉ። ፎስፎሪክ አሲድ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ይህም ብረቱን ለጊዜው የሚሸፍንና ለቅብ የሚመች ግራጫ ሽፋን ይተዋል። በሎሚና በብርቱካን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሲትሪክ አሲድ የብረቱን አተሞች እንደ ጉጠት ይዞ ወደ ውሃው ያወጣቸዋል፤ ከ50 እስከ 100 ግራም በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይቆያል። አቼቶም ይሠራል፤ ሆኖም ደካማ ስለሆነ ብዙ ቀናት ይፈልጋል። የትኛውም አሲድ ቢሆን የጎማ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያስፈልገዋል፤ አሲድ ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም።

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሮላይሲስ ነው። ሳልባትዮው በሶዳ አሽ ውሃ ይሞላል። ሶዳ አሽ፣ በኬሚካል ስሙ ሶዲየም ካርቦኔት፣ በአገራችን ከአቢጃታ ሐይቅ የሚመረት ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በአፉ በኩል አንድ ፌሮ ብረት ላሜራውን ሳይነካ እንዲንጠለጠል በጎማ ይያዛል። ከዚያ ከባለ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ፖዘቲቩ ገመድ ከፌሮው፣ ኔጋቲቩ ከሳልባትዮው ጋር ይታሰራል። ከዝገቱ ከፊሉ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ልል ወደ ሆነ ጥቁር ዱቄት ይለወጣል፤ የሃይድሮጅን አረፋም ቅርፊቱን ከሥሩ ይገፋዋል። የዚህ ዘዴ ብልጫ ጤነኛውን ብረት አለመንካቱ ነው። ገመዱ ከተገላበጠ ግን የሚበላው ሳልባትዮው ይሆናል። በሶዳው ምትክ የገበታ ጨው ከተጨመረ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ የማይዝግ ብረት በፌሮው ቦታ ከገባ ደግሞ መርዛማ የክሮሚየም ውሑድ ይፈጠራል። ሁለቱም ክልክል ናቸው። ሥራው ደጅ መሠራት አለበት፤ ገመዱ ከመነካቱ በፊትም ቻርጀሩ ከሶኬት ይነቀል። ኤሌክትሪኩ ፌሮው "የሚያየውን" ገጽ ብቻ በደንብ ስለሚያጸዳ በግርዶሽ ጀርባ ያለው ዝገት አሲድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ጥቂቶቹ ወሳኝ ደቂቃዎች

ዝገቱ ለቆ ላሜራው ሲያበራ ሥራው ያለቀ ይመስላል። በእርግጥ ግን ብረቱ ከዚህ የበለጠ የተጋለጠበት ጊዜ የለም። አሲዱ ተደፍቶ በውሃ ከታጠበ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ገጹ ላይ ቀይ ጭጋግ የመሰለ አዲስ ዝገት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጣዮቹ ሦስት እርምጃዎች ሳይቋረጡ መከናወን አለባቸው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በእጅ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ የቀረው አሲድ በሶዳ ውሃ ይገደላል፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ ማለቁን ያመለክታል። ሁለተኛ፣ በንጹሕ ውሃ ፈጥኖ ይለቀለቃል። ሦስተኛ፣ ጥቂት ንጹሕ አልኮል ገብቶ ሳልባትዮው ይገላበጣል። አልኮል ከውሃ ጋር በማንኛውም መጠን ስለሚቀላቀል በየጥጉ የተሸሸገውን ጠብታ ይዞ ይወጣል፤ የቀረውም ፈጥኖ ይተናል። ከዚያ ደረቅ አየር እየነፋ ያደርቀዋል። የጋራዥ ኮምፕሬሰር አየር ብዙ ጊዜ ውሃና ዘይት ስለሚይዝ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። የአልኮሉ ትነት ሳይወጣ ግን እሳትም ሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይቀርብም። በዚህ ረገድ የደጋው አየር ረዳት ነው፤ ውሃ በደብረ ታቦር በ91 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በስሱና በደረቁ የበጋ አየር እርጥበትም ቶሎ ይሄዳል። ይህን ሥራ ለታኅሣሥና ለጥር ፀሐይ ማቆየት፣ በሐምሌ ጭጋግ ግን አለመሞከር ይበጃል።

ቀዳዳ መፈለግና መድፈን

አሁን ሳልባትዮው ያፈስ እንደሆነ ይመረመራል። በውጭ በኩል የሳሙና አረፋ ተቀብቶ፣ መውጫዎቹ ተዘግተው፣ በአፍ እንደሚነፋ ያህል ቀላል ግፊት ይሰጠዋል፤ አረፋ የሚያብጥበት ቦታ ቀዳዳ ነው። ለጎማ የሚሆን ግፊት መስጠት ላሜራውን ይነርተዋል፣ መጋጠሚያውንም ሊቀድድ ይችላል።

መንገድ ላይ ቀዳዳን በደረቅ ሳሙና መለሰን ብልሃት ነው፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟምና እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ነገር ግን በውሃ ስለሚሟሟ አንድ ዝናብ ያጥበዋል። ለዘለቄታው ትንሽ ቀዳዳ በስታኞ፣ ሰፊው በላሜራ ልጣፍና ብየዳ ይደፈናል። ብየዳ የሚጀመረው ከላይ የተገለጸው እጥበት በሙሉ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ሳልባትዮው ከሚበየደው ቦታ ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ድረስ በውሃ ቢሞላና አፉ ክፍት ቢሆን ለትነት የሚቀረው ቦታ ይጠባል። የመኪና ጭስ ከማርሚታ ወደ ሳልባትዮ እያስገቡ መበየድ አስተማማኝ ዘዴ አይደለም፤ ጭሱ የሚይዘው ኦክሲጅን አይታወቅም፣ በውስጡም ተቀጣጣይ ጋዝ ይኖራል። "ስታኞ እሳት አይደለም" ማለትም አያዋጣም፤ በጣም የጋለ የስታኞ ብረት ራሱ ትነቱን ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት ሊኖረው ይችላል።

ወለሉ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም በካቻቪቴ ጫፍ የሚበሳ ከሆነ ግን መድፈኑም ማሸጉም ይቅር። ቅብ ላሜራን ከነዳጅ ይጋርዳል እንጂ የላሜራን ጉልበት አይተካም።

ውስጣዊው ቅብ

ሳልባትዮን የማሸጊያ ቅቦች አብዛኞቹ ከሁለት ክፍል የሚቀላቀሉ የኤፖክሲ ዓይነቶች ናቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሞለኪውሎቻቸው በየአቅጣጫው ተያይዘው አንድ መረብ ይሆናሉ። የተራ ቀለም ሞለኪውሎች እንደ ክር ተለያይተው የተቀመጡ ስለሆኑ ቤንዚን በመካከላቸው ገብቶ ያለያያቸዋል፤ መረብ የሆነውን ግን ሊፈታው አይችልም። ለመኪና አካል የሚለጠፈው ስቱኮ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አልኮል ያለበት ነዳጅ ይበልጥ ፈታኝ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫአ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ያህል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። በዓለም ዙሪያ ቀድሞ የተቀቡ ብዙ አሮጌ ሳልባትዮዎች ኢታኖል ሲመጣ ቅባቸው እየተላጠ የነዳጅ መሥመርን ዘግቷል። ስለዚህ ቅብ ከመግዛት በፊት ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። በንጹሕ የላሜራ ቁራጭ ላይ ቅቡን ቀብቶ ማድረቅ፤ ከዚያ ጥቂት አልኮል በተቀላቀለበት ቤንዚን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ፣ ከቤት ርቆ ለአንድ ወር ማስቀመጥ። ቅቡ ከለሰለሰ፣ ካበጠ ወይም በጥፍር ከተነሣ ለሳልባትዮ አይሆንም።

ቅቡ በአምራቹ መጠን ተለክቶ ይቀላቀላል፤ በዓይን ግምት የተቀላቀለ ኤፖክሲ ለዘላለም ልስልስ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የመውጫው ቧንቧና የአየር መተንፈሻው ቅባት በተቀባ ቡሎን ይዘጋሉ፤ ቅቡ ገብቶም ሳልባትዮው በዝግታ በየገጹ ይገላበጣል። ትርፉ በሙሉ ይቀዳል። በአንድ ጥግ የተጠራቀመ ወፍራም ቅብ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ስለሚጠነክር ይሰነጠቃል፤ ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ቅቡ ሳይጠነክር ቡሎኖቹ ወጥተው ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸው ይረጋገጣል።

እዚህ ላይ የደጋው ብርድ እንቅፋት ይሆናል። እንደ ግምታዊ ሕግ፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ አራት ቀን የሚፈልግ ቅብ በ15 ዲግሪ ስምንት ቀን ሊፈልግ ይችላል። የቸኮለ ሰው በአራተኛው ቀን ቤንዚን ቢሞላበት ያልተቋጨውን መረብ ያፈርሰዋል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ዝገት ላይ የተቀባ ቅብ የሚይዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም። ዝገቱ ከሥሩ ሲረግፍ ቅቡ እንደ ልጥ ይነሣል፤ የቀድሞው ብናኝ በነበረበት አሁን ሰፊ ቅርፊት መውጫውን ይዘጋዋል። ከመቀባት በፊት ያለው ጽዳት የሥራው ዘጠኝ ዐሥረኛ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

እጣቢው የት ይሄዳል?

ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ አልፈው ጣና ይገባሉ። በደብረ ታቦር ጓሮ የተደፋ እጣቢ ወንዛችንን ተከትሎ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ካርታ አያሻም። እጣቢው ቤንዚንና ዝገት ብቻ አይደለም፤ አሲዱ ከአሮጌው የፋብሪካ ቅብ እርሳስ ያሟሟል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጀመሪያ ለማስወገድ ተስማምተው ነበርና፣ ከዚያ በፊት የቆመ መኪና ዝቃጭ ራሱ እርሳስ ሊይዝ ይችላል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የአሲዱና የመጀመሪያዎቹ እጥበቶች እጣቢ በተለየ ጀሪካን ተሰብስቦ፣ በሶዳ አሲዱ ተገድሎ፣ ምልክት ተለጥፎበት፣ ከሕፃናት ርቆ መቀመጥ ይኖርበታል። ወደ ቦይ፣ ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ አትክልት ቦታ መደፋት የለበትም።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የሳልባትዮ ጥገና ቅደም ተከተል ከልማድ ሳይሆን ከተፈጥሮ ሕግ የመጣ ነው። ትነቱ ሳይወጣ እሳት አይቀርብም፤ ቅባቱ ሳይታጠብ አሲዱ ዝገቱን አያገኘውም፤ አሲዱ ሳይገደል ብረቱ አያርፍም፤ ብረቱ ሳይደርቅ ቅቡ አይይዝም፤ ቅቡ ሳይጠነክር ቤንዚን አይገባም። አንዱን መዝለል ቀሪዎቹን ሁሉ ማፍረስ ነው።

ከተጠገነ በኋላም ጥበቃው ቀላል ነው። የክዳኑን ጎማ መለወጥ፣ ከሳልባትዮው ቀጥሎ ፊልትሮ ማስገባትና አየሩ የሚተነፍስበት ቦታ እንዲጠብ በክረምት ሳልባትዮውን ሙሉ ማድረግ ይገባል። መኪናው ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ግን ቤንዚኑን ማውጣት ይሻላል። ያ ቮልስዋገን ያን ጊዜ የወረታን ዳገት ሳያርፍ ይወጣል። አንባቢያችን ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢያስታውሱ፣ ወደ በያጅ የሚወስዱት ሳልባትዮ ባዶ ሲመስል፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ የት ተሸሽጋ እንደምትቀር ይጠይቁ።